የሌንሴ ንፍሮ

ወዳጄ ሰይፉ፣ የእግዜር ሰላም ከአዳማ ሙቀት ጋር ይድረስህ።

ዛሬ ክብደት የሚያነሱ ስፖርተኞች ግቢ ገብቼ፣ ሌንሴ የምትባል ልጅ እኔን የሚያህል ብረት ከራሷ በላይ ስታደርግ አየሁ። ልጅህ ናሆም ሊወጋው ያሰበው ጡንቻ የሚያሳብጥ መርፌ ትዝ ብሎኝ «አንቺም ተወግተሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ አባባ! ስንዴና ሽምብራ ነው፤ ሲገኝ እንቁላል። ደግሞ እንቅልፍ» ብላ ከፌስታሏ ንፍሮ ዘገነችልኝ።

እኛ ደብረ ብርሃን ንፍሮ የለቅሶ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቀምሼው አላውቅም፤ የሐዘን እህል እንዴት ጡንቻ ይሆናል እያልኩ ቆምኩ።

«ይብሉ እንጂ፣ ክንድዎ እኮ ቀጥኗል!» ብለው ጓደኞቿ ሳቁብኝ። አማትቤ በላሁ፤ ጣፈጠኝ።

ለናሆም እስክመለስ መርፌ እንዳይነካ ንገርልኝ። ንፍሮውን እኔው እቀቅልለታለሁ። የወረቀቱ ቦታ አለቀ፤ ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ።

ታፈሰ