ቆላፊው ላኪ አይሁን

የካቲት 3፣ ጠዋት
ደብተሬ፣ ዘመሮ ገበያ ላይ «በወጣትነቷ የመንግሥት ሬዲዮ ትነካካ ነበር፣ ሰላይ ናት» ይሉኛል አሉ። ስህተት ነው። ሬዲዮ ነክቼ አላውቅም። ደብዳቤውን ወደ ምስጢር ቁጥር እገለብጥ ነበር። የሚልከው ሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል። በግድግዳው መስኮት ወረቀቱን አቀብላለሁ፤ በቃ።

የእህቴ ልጅ ሰብለ ከአ/አ መጥታለች። ጓሳ ለሚባለው የጋራ የሣር መሬታችን ጠባቂዎች የስልክ ፕሮግራም ሠርታለች። በክልከላ ጊዜ ሣር ያጨደ ካለ፣ ጠባቂው የአጫጁንና የምስክሩን ስም በምስጢር ቆልፎ ይልካል፤ የሚከፍተው የጓሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ብቻ። ጎረቤቴ ወ/ሮ የሺ የባሏን ወንድም ሲያጭድ አየች። ስሟን የሰጠችው ከሰብሳቢው ሌላ ማንም አያየውም ብዬ ቃል ስለገባሁላት ነው። መልእክቱ የሚያልፈው በኮሚቴው ኮምፒዩተር ነው። እዚያ የሚቀመጠው ጸሐፊ ደግሞ የአጫጁ ልጅ።

የካቲት 4፣ ከሰዓት
ከስልኩ የሚወጣውን ሁሉ በወረቀት አትሚልኝ አልኳት ሰብለን። ሳቀች፤ አተመች። የሞከርነው ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት በጓሮው ጥግ ነው። ሁለቱ መስመር የማይነበብ። ሦስተኛው ለሙከራ የጻፍነው ስም፣ ሳይቆለፍ፣ በጥሩ አማርኛ።

ፕሮግራሙ የሚቆልፈውም የሚልከውም በአንድ ላይ ነው። መስመሩ መሐል ላይ ሲቋረጥ እንደገና ተነሣ፤ መቆለፉን ዘሎ ላከ። ሰብለ ኔትዎርኩን ወቀሰች። ኔትዎርክ ምን አደረገ? ቆላፊው ከላኪው ጋር ተደባልቋል።

«እትዬ፣ ይሄ የእናንተ መ/ቤት አይደለም እኮ፤ ሶፍትዌር ነው።»
«እንግዲያው ግድግዳ ሥሪለት።»
አኮረፈች። ራት አልበላችም።

የካቲት 6፣ ረፋድ
ለየችው። አንዱ ክፍል ጽሑፍ ይቀበላል፣ የተቆለፈ ይመልሳል፤ ኔትዎርክ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ሌላው የተቆለፈውን ብቻ ይቀበላል። ቢቋረጥበት ያንኑ ደግሞ ይልካል። ሌላ የሚልከው ነገር በእጁ የለም።

መብራትም ኔትዎርክም ጠፍቷል። ቢሆንም ቆላፊውን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ፈተንነው። መሐል ላይ አቋረጥኩት፣ ባዶ ሰጠሁት፣ ረጅም ሰጠሁት። ንቅንቅ አላለም። ሰብለ ለካ ያለ ኔትዎርክም ይሞከራል ብላ ተገረመች። አላሞገስኳትም። ሥራዋ ግን ንጹሕ ነው።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት
የፊተኛው ፕሮግራም የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ፊቷ ተለወጠ። በጠባቂው በደምሴ ስልክ ውስጥ ነው። የየሺን መልእክት ጽፎበታል። ላይ ጓሳው ውስጥ ኔትዎርክ ስለሌለ አልሄደም፤ ተቀምጦ ይጠብቃል። ነገ ለገበያ ሲወርድ፣ አፋፉ ላይ ኔትዎርክ እንዳገኘ ራሱ ይልካል። ኔትዎርኩ የሚቆራረጠውም እዚያው አፋፍ ላይ ነው።

ኔትዎርክ ሲመለስ ደወልን። አይገኝም። ተመስገን፣ ገና አልተላከም አልኩ፤ ወዲያው በመደሰቴ አፈርኩ።

ሰብለ ምናልባት ሳይቋረጥ ተቆልፎ ይሄዳል ትላለች። ምናልባት የሚል ሰው እኛ ክፍል አይቀጠርም ነበር።

አሁን የሺ በደጅ አለፈች። እንዴት ዋሉ አለችኝ። ደኅና አልኩ። 

ነገ፣ ሳይነጋ፦
ሰብለ በጎረቤት ፈረስ ቀድማ ትውጣ። ደምሴ አፋፉ ላይ ሳይደርስ ስልኩን ከኔትዎርክ አቋርጣ፣ የፊተኛውን ከነመልእክቱ ትደምስስ።
ከሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ አዲሱ እስኪጫን ማንም እንዳይልክ ማስቆም።
አይደለም። ይህ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሺ ቤት። ቁጭ ብዬ፣ ምንም ሳላስቀር ልነግራት። ሰብለ ብትደርስም ባትደርስም። ስሙ የእሷ ነው።