ክራንቹን ከጣልኩ ወዲህ

ውድ አባዬ፣

ይህ ደብዳቤ ፓናማ ላይ ይደርስሃል ብላኛለች እማዬ። በስልክ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከመባባል አላለፍንም። ክራንች ላይ እያለሁ ትተኸኝ ወደ መርከብህ ስትሄድ ልብህ እዚሁ እንደቀረ አውቃለሁና፣ ያላየኸውን ልንገርህ።

ዶክተር ላንድሪ ዘንድ የሄድንበትን ቀን ሳስብ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። ከእሷ በፊት ያዩኝ ሐኪሞች ሁሉ «የዳሌዋ መጋጠሚያ ተበልቷል፤ ስታረጅ በብረት እንተካዋለን፤ እስከዚያ ትቻለው» ነበር የሚሉት። እኔ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ደረጃ የምወጣው ግድግዳ ተደግፌ። እሷ ግን የዳሌዬን አጥንት ቆርጣ እንደምታዞረው ስትነግረን ከወንበርህ ብድግ አልክ።

«በመጋዝ ሊቆርጧት ነው? ልጄ እኮ ዶሮ አይደለችም!»

«ዶሮማ ብትሆን ለእርስዎ እተዋት ነበር፤ የመርከብ ወጥቤት ነዎት አሉ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ማዕበል ሲነሳ እንቁላል ዝርግ ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ?»

«ምን አቃዠኝ? ጎድጓዳ ውስጥ ነው እንጂ!»

«የልጅዎ የዳሌ መጋጠሚያም ሲፈጠር ዝርግ ነው። እኔ ጎድጓዳ ላደርገው ነው።»

እስከ ቤት ድረስ ቀስ ብለህ ነዳህ። አጎቴ ቨርኒስ ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ገብቶ ሳይነቃ መቅረቱን እያሰብክ እንደነበር ገብቶኛል፤ ስሙን ግን ሁለታችንም አላነሳንም። እኔም ፈርቼ ነበር፣ አባዬ። ግን ከቢላዋው ይልቅ ያስፈራኝ በሃያ ዓመቴ እንደ አሮጊት ቁጭ ብዬ መቅረቴ ነበር።

የቀዶ ሕክምናዬ ቀን ጠዋት አልጋዬን እየገፉ ሲወስዱኝ ጎንበስ ብለህ፣ «ኦዴት፣ ሳትነቂ ብትቀሪ ዕድሜ ልኬን ነው የማኮርፍሽ» አልከኝ። ነርሷ ክው አለች። እኔ እየሳቅሁ ተኛሁ። ስነቃ ሕመሙ እሳት ነበር፤ እጅህ ግን እጄን ይዞታል።

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ቴሪዝ ተዳረች። አኮርዲዮኑ ሲጀምር ጎረቤታችን ሚስተር አልሲድ ፊቴ መጥቶ ተገተረ።

«ተነሺ! እኔ ሽማግሌው እየጨፈርኩ አንቺ ወንበር ታሞቂያለሽ?»

«እግርዎን እረግጥዎታለሁ።»

«ርገጪው! ከጉልበቴ በታች እንደሆነ ከድሮም አይሰማኝም።»

አንዱን የዋልስ ዳንስ ያለ ክራንች፣ ሳላቋርጥ ጨፈርኩት። እማዬ የጋምቦ ወጥ ሳህኗን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ሩዙ ቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ እንኳ አላወቀችም። ለሁለተኛው ዘፈን ሚስተር አልሲድን ጎትቼ ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

ዶክተሯ አልደበቀችኝም፤ ይህ ዳሌ ዕድሜ ልኬን ላይዘልቅ ይችላል። ዝናብ ሲመጣም ያመኛል። ይሁን። የራሴ አጥንት ነው፣ ያውም ያስጨፍረኛል።

ስትመለስ ወደብ ላይ እጠብቅሃለሁ። ከመርከቡ ላይ ሆነህ ከሰው መሐል የምትለየኝ ሁልጊዜ በአነካከሴ ነበር። ዘንድሮ በእሱ ከፈለግከኝ አታገኘኝም፤ ፊቴን ፈልግ።

የምትወድህ ልጅህ፣
ኦዴት