ለጋሼ ናም የተተከለው ድንኳን

መካነ ሰላም
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ ፈይዛ፤

አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ወገቧን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው። ጤፉ ዘንድሮ አምሯል። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ እናትሽ እየነጠቀች ስላስቸገረችኝ ጻፍኩት። እህትሽ ሀጀራ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

«ልምጣ ወይስ ልቅር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን እዚህ የሆነውን በደንብ ስሚ። ሀጀራ በቪዲዮ የላከችልሽ መጨረሻውን ብቻ ነው።

ፎቶሽ ከኮሪያ የደረሰን በገበያ ቀን ነው። ጥቁር ለብሰሽ አንገትሽን ደፍተሻል። ከፊትሽ በነጭ አበባ መሃል የአለቃሽ፣ የፊልም ደራሲና አዘጋጁ የናም ቴሱ ፎቶ በጥቁር ሪባን ታስሮ ቆሟል። አስከትለሽ የላክሽው የድምፅ መልእክት ሳይከፈትልን ኔትወርኩ ጠፋ። ምን እናስብ? እናትሽ እሪ አለች፤ ጎረቤት ደረሰ።

አለቃሽን እዚህ የማያውቀው የለም። አንቺ ጋሼ ናም ስለምትዪው አገሩ ሁሉ ጋሼ አድርጎታል። አማርኛ ከሥሩ እየጻፍሽ የላክሽልንን ፊልሞቹን እኛ ቤት ተሰብስበው አይተዋል። ትምህርትሽን ስትጨርሺ ረዳቱ አድርጎ የቀጠረሽ እሱ መሆኑንም ያውቃሉ። ስለዚህ የቅሬያችን ዳኛ አድማሴ የእድሩ ድንኳን ይውጣ አለ። አንዱ ተነስቶ ሰውየው አባል አይደለም፣ የቅሬያችን ደንብ ኮሪያ አይደርስም ብሎ ተከራከረ። አድማሴ ዞር ብሎ አየው።

«የልጃችንን እጅ በሰው አገር የያዘ ሰው፣ ከዚህ ወዲያ ምን መዋጮ ይክፈል?» አለው።

ድንኳኑ ደጃችን ተተከለ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የሃይማኖቱ ነበር። የሚያውቅ ስለጠፋ ሸሁም ቄሱም ተጠሩ። ሸሁ ለሟቹ ቤተሰብ ዱአ አደረጉ፣ ቄሱ ያጽናችሁ አሉ፤ ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ በሉ።

የሟች ታሪክ ይነገር ተባለና እኔን አስነሱኝ። አንቺ የነገርሽኝን ነገርኳቸው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው አልኩ። በወጣትነቱ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ ይስል ነበር። ብዙ ዓመት ድርሰት እየጻፈ ሌሎች ስማቸውን ይጽፉበት ነበር። የራሱን የመጀመሪያ ፊልም የሠራው አርባ ካለፈው በኋላ ነው፤ ሰው አላየለትም። ሁለተኛውን ለመሥራት የአባቱን ጀልባ ሸጠ። ጀልባ ስል ያለቀሱ አሉ። ጀልባ አይተው አያውቁም፤ የእርሻ በሬውን እንደሸጠ አድርገው ነው የያዙት። ከዚያ አሮጊቷ አውቶቡስ የምትጠብቅበት ፊልም መጣ፤ ትልቅ ሽልማት ሲሰጡት መድረክ ላይ የአባቱን ስም ብቻ ጠርቶ ወረደ። ኋላም አለቀለት እያሉት ሳይሠራ ብዙ ቆየ።

እዚህ ላይ እናኑ ተነሳች። ታውቂያታለሽ፣ ለቅሶ ያለ እሷ አይደምቅም።

«የሰው ታሪክ ጽፎ ሲያስለቅስ ሲያስቀን፣
የራሱን ሳይጽፈው መሸበት ወይ ቀን።»

ወንዶቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ ቀለም ገዛሁና ያንቺን ክፍል አስቀባሁ። ለነገሩ ቀደም ብሎም መቀባት ነበረበት። እናትሽ በለቅሶ ቤት ምን ቀለም ነው ብላ አየችኝ። «አለቃዋ ከሞተ ልጅቱ ብትመጣስ?» አልኳት።

በሠልስቱ ኔትወርክ ተመለሰ። ሀጀራ የድምፅ መልእክትሽን እዚያው ድንኳን ውስጥ ከፈተችው።

«አባባ፣ ፎቶውን አያችሁት? ተዋናይ ሆንኩላችሁ። ፊልሙ ላይ ሟቹን እኔ ልሁን ብለው ጋሼ ናም የራሳቸውን ፎቶ አስቀመጡ። ስንጨርስ ሾርባ ጋበዙን።»

ሸሁ ተስቢያቸውን መቁጠር አቆሙ። መጀመሪያ የተናገረችው እናኑ ናት።

«እንግዲህ የሞተ ዕለት አልደግምለትም» አለች።

ሳቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድንኳኑን ሊነቅሉ የተነሱትን አድማሴ አስቀመጣቸው፤ ለሞተ የተተከለ ላልሞተም ይቆይ አለ። የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ሁለት በግ ታረደ። የተረፈው ንፍሮ ለዶሮ ሆነ። እናኑ ያንኑ ሙሾ በዘፈን ዜማ አወጣችው፤ አገር ጨፈረበት። ሀጀራ የቀረጸችው ይህን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጋሼ ናም ቪዲዮውን እያስተረጎመሽ ደጋግሞ እንዳየው፣ ስቆ ስቆ በመጨረሻ እንዳለቀሰ ጽፈሻል። የአሁኑን ፊልም የመጨረሻዬ ነው ብሎ የነበረው ሰው ሐሳቡን ለውጧል። በቁሙ ስለተለቀሰለት ሰው አንቺ ጻፊ፣ አንቺው አዘጋጂ፣ እኔ ረዳትሽ ልሁን ብሎሻል። እሺ ካልሽው ዘንድሮ መምጣትሽ ይቀራል። ከዘንድሮ በኋላ ያለውን አልጻፍሽም፤ እኔም አልጠይቅሽም።

ቅሪ። ሥሪው። እሱ የጀመረው ከአርባ በኋላ ነው፤ አንቺ ገና ሠላሳ አልሞላሽም። እናትሽም ተስማምታለች፤ ተስማምታለች ስልሽ ኩሽና ገብታ ድስት አንኳኩታለች ማለቴ ነው። እናኑ «እኔን የምትሆን ኮሪያዊት ካለች መጥታ ትሞክረኝ» ብላለች። በፊልሙ እኔን አባትሽን የሚሆነውን ሰው ረጅም አድርጊው።

ለጋሼ ናም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቅሬው አባል አድርጎታል፤ መዋጮ የለበትም፣ ዕድሜ ብቻ ይጨምር።

አላህ ያሰብሽውን ከዳር ያድርስልሽ። ብርዱን ያቅልልሽ፣ በደረስሽበት ሁሉ ሰው አያሳጣሽ። አሚን በይ።

አባትሽ
ረመዳን ሰዒድ

የክፍልሽ ቀለም ደርቋል። ሀጀራ ልግባበት እያለች ነው። ሽታው እስኪወጣ ጠብቂ ብያታለሁ።