ሜኑ የሌለው ምግብ ቤት

ይድረስ ለታላቋ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ያ የባሕር ንፋስ ዘንድሮም ይቆረጥምሻል? እኔ ከንዴት በቀር ምንም አላመመኝም። ንዴቱን እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጽሑፌን እይልኝ። የራሴ እጅ ነው! ማንም አልጻፈልኝም። በማታ ትምህርት ቤት ከአሥራ አንድ አሮጊቶች አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ኦክቡን ናት፤ እሷም ከእኔ እየቀዳች ነው። መምህራችን ገና ልጅ እግር ነው፤ በሕይወቴ እንደ እርስዎ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም አለኝ። ምስጋና አድርጌ ወስጄዋለሁ።

አንቺ እስከ አራተኛ ክፍል ስትማሪ፣ እኔ ወንድማችንን አዝዬ በአጥሩ ቀዳዳ አይሽ ነበር። ቂም አልያዝኩም። ትንሽ ይዤያለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ማንበብ እንደማልችል የምታውቁት አንቺና ሟቹ ባሌ ብቻ ነበራችሁ። ልጄ ታክሱን «ዓይኔ ደክሟል» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲያመጣ ዓይኔ ደክሟል፣ አንተው አንብበው። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣም ዓይኔ ደክሟል። ይሄ ዓይን እኮ በጨረቃ ብርሃን ክር በመርፌ ይሰካል! ታክሱ ሥራ ሲይዝ፣ የሰው ልጅ ሁሉ እንደ አገራችን ልማድ በመጀመሪያ ደሞዙ ለእናቱ ቀይ የውስጥ ልብስ ሲገዛ፣ የእኔው ልጅ መነጽር ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰበቤ «መነጽሬን ረሳሁት» ሆነ።

ምግብ ቤት ስንገባ ደግሞ ታክሱ ሜኑውን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነባል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ የአውቶቡሱን፣ የሱቁን፣ የግድግዳውን ጽሑፍ ሁሉ። ሬዲዮ ውጠሃል ወይ እያልኩ እቆጣው ነበር። እኔም በመጨረሻ «እናንተ የምትበሉትን» እላለሁ። ሰው ሁሉ ሆዷን የማትወድ እናት ይለኛል። እትዬ፣ ሆዴንማ እወደዋለሁ! አንድ ቀን እንኳ የምበላውን በጣቴ አሳይቼ «ይሄን» ብዬ አላውቅም እንጂ።

ሰባኛ ዓመቴን ምክንያት አድርጎ፣ እዚሁ ሰፈራችን አዲስ ወደ ተከፈተው ትልቅ ምግብ ቤት ሊወስደኝ ወር ቀደም ብሎ ቦታ ያዘ። አበቃ፣ ቀኔ መጣ አልኩ! ሜኑውን እንደ ጋዜጣ ዘርግቼ፣ በእሱና በሚስቱ በሚራን ፊት ከላይ እስከ ታች አንብቤ፣ «ለእኔ ይሄን» ልል። ያን ጊዜ ሁሉንም ያውቃል፣ እኔም አፌን አውጥቼ ያን ሁሉ ዘመን ዋሸሁህ ማለት አይጠበቅብኝም። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብዬ አሥራ አንድ ወር በየበሩ የሚጣለውን የምግብ ቤት ወረቀት ስለቅም፣ ስሸመድድ ከረምኩ።

ቀኑ ደረሰ፤ ተቀመጥን። መነጽሬን አጠለቅኩ፤ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። ጥቁር የለበሰ አስተናጋጅ ሙቅ ፎጣ አመጣ። ሜኑውን አምጣ አልኩት። ጎንበስ ብሎ፣ እማማ፣ እዚህ ቤት ሜኑ የለም፣ ሼፋችን የዕለቱን ራሱ መርጦ ያቀርባል አለኝ። ዛሬ አልቆ ነው? አልኩት። የለም እማማ፣ ከመጀመሪያውም አልነበረም አለ።

እትዬ፣ ቆሽቴ አረረ! የእኔ ኑድል ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሜኑ አልነበረውም። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ሾርባ፣ የፈለገ ይብላ፣ ያልፈለገ በሩ ያው። ያን ጊዜ ግትር አሮጊት አሉኝ። ይሄ ሰውዬ ያንኑ ሲያደርግ ወር ሙሉ ወረፋ ይጠብቁለታል! ይሄን ጥበብ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሂድና ለሼፉ ንገረው አልኩት አስተናጋጁን። ሚራን አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ታክሱ፣ እማዬ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል አለኝ። ይስማ!

ምግቡ ዘጠኝ ጊዜ መጣ። ሳህኑ ትሪ ያህላል፤ መሐሉ ላይ ያለችው ግን አውራ ጣት አታህልም። ስድስተኛው ላይ የእኔው ኑድል በደረቅ ዓሣ መረቅ መጣ፤ ሦስት ክር! የቀረው የት ገባ ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጁ ሳቅ ብሎ ሄደ። በየመሐሉ ግድግዳውን አስሳለሁ፤ አንድ ፊደል ለመድኃኒት የለም። ሽንት ቤቱ በር ላይ እንኳ ሥዕል ነው ያለው! ከንዴቴ ብዛት መነጽሩን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

ሁሉም ተበልቶ ሳህን ሲነሳ፣ አስተናጋጁ በየፊታችን አንድ አንድ ካርድ አስቀመጠ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ለማስታወሻ ነው፣ የበላችሁት ዝርዝር ነው አለ። ከተበላ በኋላ! ሠርጉ ካለፈ መጥሪያ እንደ መላክ ማለት ነው። በቁጣዬ አነሳሁትና ማንበብ ጀመርኩ። በልቤ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጮክ ብዬ ነው። አንድ፣ የተጠበሰ ፍጅል በሰሊጥ። ሁለት፣ ሽሪምፕ በቅጠል። ሦስት እያልኩ ዘጠኙንም፣ አንዱንም ሳልስት! የጎረቤት ጠረጴዛ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ቀና ስል ሚራን አፏን ከፍታለች። እማማ፣ ያለ መነጽር? አለችኝ።

ተያዝኩ። ሰው ሲያዝ ምን ያደርጋል? ሌላ ሰው ይከሳል። መነጽሩማ ምን ሊረባኝ! አልኩ። ኦክቡን ክፍል ውስጥ ሞክራው የመስኮት መስታወት ነው፣ ምንም የለበትም ብላኛለች። ያ ሌባ ባለሱቅ በመጀመሪያ ደሞዝህ አታሎሃል፤ ሄጄ አንገቱን ካላነቅኩት አልኩ።

ታክሱ ፎጣውን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ። ፎጣው ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ግን ከፊቱ ላይ ቶሎ አላነሳውም። ከዚያ፣ ተይው ሰውዬውን እማዬ፣ ምንም አላጠፋም፣ ሱቁም ድሮ ተዘግቷል አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ካርዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ እስቲ ድገሚልኝ አለ። ደገምኩለት።

ወደ ቤት ስንመለስ በመንገዱ ላይ አንድም ነገር አላነበበም። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ፋርማሲውን፣ ፀጉር ቤቱን፣ «ማቆም ክልክል ነው» የሚለውን ሳይቀር። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ እያዳመጠ ይሄዳል።

እኔ ግን ነገር መተው ታውቂኛለሽ አልወድም። የመነጽሩ ማኅደር ላይ የሱቁ ስም ተጽፏል። ትናንት እጅጌዬን ሰብስቤ ሄድኩ። ሱቁ አልተዘጋም። በሩ ላይ «ክፍት ነው» ይላል፣ ከሥሩም «በዚሁ ቦታ ሠላሳ ዓመት»። ሁለቴ አነበብኩት። ውስጥ አንድ ሽማግሌ መስታወት ይወለውላል። ስድቤን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቆምኩ፣ ቆምኩና ሳልገባ ተመለስኩ። መነጽሩን አጥልቄ ነው ቤቴ የገባሁት። ለመንገዱ ምንም አልረዳኝም፤ ግን አላወለቅኩትም።

ማንበብ እንደማልችል ለታክሱ የነገርሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ አትንገሪኝ።

መልስሽን ራሴ ስለማነበው ረዘም አድርጊው። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ባሕሩም ይለዝብልሽ፤ ዕድሜሽ እኔም እንዳንቺ እስካነክስ ድረስ ይርዘም።

በጀርባዋ ወንድም አዝላ ታይሽ የነበረችው፣
ታናሽ እህትሽ