ታርጋው ስለ ተፈታው የቅሬያችን አባል

ሰቆጣ፣ ሰኔ 1998 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ጌታሰው
የተሽከርካሪዎች ቁመናና ጠባይ ማረጋገጫ ዴስክ ኃላፊ
በሚገኙበት ሁሉ (ቢሮዎ ስመጣ ስላላገኘሁዎት)

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ በዚያውም ታርጋ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ትከሻዎ ደኅና ነው ወይ? ትከሻዎን ለይቼ የጠየቅሁበት ምክንያት ወደ ደብዳቤዬ መጨረሻ ስለሚገለጽ እስከዚያው ሳይሰለቹ እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን፣ በከተማችን ዳር ከባለቤቴ ከወይዘሮ የሺመቤትና ከአንድ አሮጌ ፒካፕ ጋር እኖራለሁ። ከሁለቱ የትኛውን አብልጬ እንደምወድ ባለቤቴ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ ይህን ግን ለእርስዎም ቢሆን በአደባባይ አልመልስም።

ፒካፑን በወረቀት እንጂ በአካል የሚያውቁት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ላስተዋውቅዎ። በድርቁ ዘመን እህል ሲያመላልስ ኖሮ፣ የመጣበት የዕርዳታ ድርጅት ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ የተወው ነው። እኔ እጅ ሲገባ ሞተሩ አይነሣም፤ ዕቃ የሚጫንበት ካሶኒው ላይ ዶሮ ትታቀፍ ነበር። እኔም ለብዙ ዘመን ልጆች ያስተማርሁ ሰው አንድ ሞተር አያቅተኝም ብዬ ግቢዬ ካለው ወይራ ላይ በሰንሰለት አንጠልጥዬ ፈታሁት። መልሼ ስገጥመው የተረፉኝ ብሎኖች እስከ ዛሬ በጣሳ ውስጥ አሉ፤ የት የት እንደነበሩ እግዜር ይወቅ፤ መኪናው ግን ያለ እነሱም ይሄዳል። ከጎማው በላይ የሚደረደረውን ባሌስትራ የሚሉትን ብረት ደግሞ የፊቱን ለኋላ፣ የኋላውን ለፊት ገጥሜው፣ ፒካፑ ውኃ ሊጠጣ እንዳጎነበሰ ፍየል ሆኖ ቢቀር፣ የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ መጥቶ አይቶልኛል። የሺመቤትም ከቤት ወጣ ብላ አየችውና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተመልሳ ገባች፤ ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ትልቋ ልጄ ሰላማዊት ለፒካፑ መለዋወጫ የሚሆን የፍሪሲዮን ሸራ በቀሚስ ጠቅልላ በመንገደኛ ላከችልን፤ እናቷ ቀሚሱን ወሰደች፣ እኔ ሸራውን ወሰድሁ፣ በቤታችንም ሰላም ወረደ።

ይህን ሁሉ መከራ ያየሁት ግን ሥራ ፈትቼ እንዳይመስልዎ። ትንሿ ልጄ ትግስት ከገደል ማዶ ባለው በእኛው አገር ዝቋላ ተድራ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ልጁ አልወጣ ቢል በቃሬዛ ተሸክመው ወደዚህ ወደ ሆስፒታሉ ሲያመጧት፣ መንገድ ላይ ሞተ። ወንድ ነበር። እሷ ተረፈች፤ ተረፈች ከተባለ። እኔ ከተማው መግቢያ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ያየሁትን ፊቷን እስከምሞት አልረሳውም። ፒካፑን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን እንደገና ወሯ ገብቷል፤ ሐኪሞቹም ምጥ ገና ብቅ ሲል ሳትውል ሳታድር እንድትደርስ፣ በቤቷ እወልዳለሁ ብላ እንዳትሞክር አስጠንቅቀዋታል። አስቀድማ እኛ ዘንድ መጥታ እንዳትቀመጥ አማቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ የምታገላብጣቸው እሷ ብቻ ናት።

እርስዎ ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ ስለሆኑ ስለ ቅሬያችንም ጥቂት ማስታወስ ይገባኛል። ቅሬ ለቀብር ብቻ የተቋቋመ ማኅበር እንዳይመስልዎ፤ ሕያዋንንም ይሸከማል። ከዝቋላ በኩል የሚመጣን ሕመምተኛ የዚያ አገር ሰዎች እስከ ገደሉ አፋፍ ያደርሱልናል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ ነው። ጥሩምባ ነፊያችን አቶ ምሳው ጥሩምባውን ሲነፋ ተራው የደረሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ጥሩምባው ለቀብርም ለቃሬዛም አንድ ስለሆነ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ኋላ ይጠይቃል። አንድ የቆየ ደንብም አለን፦ ተራው የደረሰን ሰው ልኮም ሆነ ይዞ ያስቀረ፣ በቀረው ሰው ቦታ ራሱ ገብቶ ይሸከማል። ይህ ደንብ አሽከሩን ከተራው ያስቀረ ባለጸጋ ከነካባው ቃሬዛ ሥር አስገብቶ ያውቃል።

ፒካፑም የዚህ ማኅበር አባል ነው። አይሳቁ፤ በስብሰባ የተወሰነ ነው። የቅሬያችን ስብሰባ በአማርኛ ይጀመርና ሲጋጋል በኽምጣኛ ይቀጥላል፤ የዚያን ዕለት ከመጀመሪያውም በኽምጣኛ ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ ተሽከርካሪው አባል ከሆነ ሲሞት እኛ ልንቀብረው ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢያችን ቄስ ገብረ ሊባኖስ፣ ትከሻ ያለው ሁሉ ይሸከማል፣ ስለ ቀብሩ ያኔ እንመክራለን ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ የፒካፑ ተራ በደረሰ ጊዜ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቃሬዛውን ይቀበላል፣ ሰው እየተፈራረቀ ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን መንገድ ቡና ሳይፈላ ይጨርሰዋል።

ለዚህም ሲባል ነው እርስዎ ያልተፈቀደ ለውጥ ያሉትን ሥራ የሠራሁት። የቃሬዛውን ልክ ስወስድ የሺመቤትን ቃሬዛ ላይ አስተኝቼ ከራሷ እስከ እግሯ ለካሁ፤ አጥንቷን እየቆረቆራት ስታጉረመርም ብቻ ነው የማስታውሰው። ተሸካሚ የሚይዘው የእንጨቱ ጫፍ ከሰውየው አልፎ ወዲህም ወዲያም እንደሚሄድ አላሰብሁም ነበር። በጉርምስናዬ ስንቱን ቃሬዛ ተሸክሜ፣ መኪና ባለቤት ስሆን ትከሻዬ ረሳው! ስለዚህ ቃሬዛው ከካሶኒው ቢረዝምብኝ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን መስኮት አወጣሁት፤ የቃሬዛው ሁለት እንጨቶች በዚያ ገብተው በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ያርፋሉ፤ ቃሬዛውም በላስቲክ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ሕመምተኛው ከቃሬዛው ሳይነሣ፣ ሳይገላበጥ ይደርሳል። ጉዳቱ የሕመምተኛው ራስ ከሾፌሩ ጆሮ ሥር መሆኑ ብቻ ነው። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ታመው ሳመጣቸው እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አነዳዴን ሲያርሙ መጥተዋል።

እንግዲህ ይህን ያህል ካወቁልኝ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ፣ የፒካፑ ታርጋ ከፊትም ከኋላም ተፈትቶ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በመወሰዱ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ያንን ብሎን ስንት ጊዜ በዘይት ነክሬ መፍታት አቅቶኝ ነበር፤ የእርስዎ ተቆጣጣሪ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። ምክንያቱንም በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ምንነቱ ያልታወቀ እንጨት ሊገባ የሚችልበት ቀዳዳ ተገኝቷል ይላል። ከተቆጣጣሪው ጀርባ ቆሞ ያይ የነበረው ገበያተኛ ሁሉ ምንነቱን ያውቅ ነበር። ከዚያ መካከል በዚያ እንጨት ያልመጣ ወይም ዘመድ ያልመጣበት ጥቂት ነው። ነገር ግን የተጠየቀ ሰው የለም፤ ሳይጠየቁ መናገርም ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀለሙ። ሊብሬው ነጭ ይላል፤ ፒካፑ ግን የግራ በሩ ከሌላ መኪና የመጣ ስለሆነ ሰማያዊ ነው፣ ኮፈኑም ዝገት ነው። ዝገት ቀለም አይደለም ተብያለሁ። ተቀብያለሁ።

ሦስተኛውን ሳስበው ግን ሳቄም እንባዬም አብሮ ይመጣል። ታርጋው እንዲመለስልኝ መኪናው በግቢያችሁ ቀርቦ ይመርመር ተባልሁ። በሞተሩ አስነሥቼ ላመጣው ስል ታርጋ የሌለው ተሽከርካሪ ጎዳና ላይ መንዳት ወንጀል ነው ተባልሁ። ታዲያ ምን ይደረግ? የቅሬው ሰዎች ተሰብስበው፣ ስንቱን በሽተኛ የተሸከመላቸውን ፒካፕ በተራቸው እየገፉ አቀበቱን አወጡት፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሠርግ የመሰለው መንገደኛም እየተቀላቀለ ገፋ። ግቢያችሁ ስንደርስ ግን፣ በሞተሩ ኃይል ያልመጣ ተሽከርካሪ ለምርመራ ብቁ አይደለም የሚል መልስ ጠበቀን። መልሰን ገፋነው። እየገፋን ስንመለስ ማንም አልዘፈነም።

ሌላም አለ። መመሪያችሁን አገላብጠው የሚገባበትን ምድብ ስለፈለጉልኝ ውለታዎ አይረሳኝም። ጭነት እንዳይባል ሰው ይተኛበታል፤ የሕዝብ እንዳይባል ወንበር የለውም፤ አምቡላንስ እንዳይባል እኔ ሐኪም አይደለሁም። በመጨረሻም ከፋብሪካ እንደወጣው ይመለስ ብለው ፈረሙበት። ክቡር ሆይ፣ ፋብሪካው መስኮቱን ሲያበጅ የዝቋላን ገደል አላየውም፣ አይፈረድበትም። እርስዎ ግን አይተውታል።

በሐቅ ከሆነ የፒካፑን ኃጢአት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ክላክሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ ነው የሚጮኸው፤ የቀኝ በሩ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። እባካችሁ ፍሬኑን እዩልኝ፣ መብራቱን እዩልኝ፣ ጉድለት ካለ ዛሬውኑ ላስተካክል ብዬ ለመንሁ። ፍሬኑን እስከ ዛሬ የነካ የለም። ስለ ሰው ሕይወት የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ከፍሬን ይልቅ የበር ቀለም ቀድሞ መጠየቁ የእኔ አእምሮ ያልደረሰበት ጥበብ መሆን አለበት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ታርጋውን ይመልሱልኝ። መስኮቱን ዝጋ ካሉኝ ትግስት ከወለደች በኋላ እዘጋዋለሁ፣ ነጭ ቅባ ካሉኝ ከነጎማው ነጭ እቀባዋለሁ። አሁን ግን ጊዜ የለኝም። ሌት ከቀን የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ፒካፑ ግቢዬ ውስጥ ሞተሩ ደኅና፣ ጎማው ደኅና ሆኖ ቆሞ እያየሁት፣ ልጄ እንደ ያኔው በሰው ትከሻ ላይ እየተንገላታች ስትመጣ ነው። እናቷ እህል መቅመስ ትታለች። ይኼንን ለባለሥልጣን መጻፍ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ጻፍሁት።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማኅተምዎ ቀለም አለመድረቅን፣ ለመሳቢያዎ ደግሞ ሌላ ታርጋ የማያስገባ ጥበትን እየተመኘሁ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ደጅዎ እንደ ጠናሁ የምቀር፣

መምህር ዘበነ ደግሰው
የቅሬው አባል፣ የሌላው አባልም ሾፌር

ግልባጭ፦
ለቅሬው ሰብሳቢ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ
ለጥሩምባ ነፊው ለአቶ ምሳው
ለወይዘሮ የሺመቤት (አንብባዋለች፤ ለስላሳ ነው ብላለች)
በገበያው በር ላይ ማስታወቂያ ለሚለጠፍበት ግንብ

ማሳሰቢያ፦ ቅሬው ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ የፒካፑን መቅረት መርምሯል። ይዞ ያስቀረው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ እኔው ነኝ ብዬ ልሸፍንዎ ሞክሬ ነበር፤ አልተቀበሉኝም። እርስዎም ሰቆጣ በመጡ ሰሞን፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ቀባሪ እንዳላጣ ብለው በፈቃድዎ የቅሬያችን አባል ሆነዋልና፣ በደንቡ መሠረት የፒካፑ ተራ በሙሉ ድምፅ ወደ እርስዎ ተላልፏል። ቁመትዎ ረዘም ስለሚል ከፊት በግራ በኩል ያለው እንጨት ተሰጥቶዎታል፤ እንጨቱ ትከሻ ስለሚልጥ ጋቢ አጥፈው ጣል ያድርጉበት። ታርጋውን ይዘው ቢመጡ ግን ትከሻዎን አንፈልገውም። ምሳው ጥሩምባውን ሲነፋ ማን ሞተ ብለው አይጠይቁ። ገና አልሞተችም፤ ትግስት ናት፤ ፈጥነው ይምጡ።