መርዶ በኮረኮንች መንገድ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሊሞላ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። በአንተ ስም ስጽፍ ስለከረምኩ ነው። እስቲ ስማኝ፤ እንደ ልማድህ "አሳጥሪው ማሂ" እንዳትለኝ፣ ይኼ አያጥርም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እዚህ ለንደን፣ አርችዌይ ያው አርችዌይ ነው፣ ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። የአውቶቡስ ሹፌር ጃኬትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ካፖርቴን ደርቤ ከሰቀልኩበት እማዬ ትቆጣለች። ጥቁሯን እስካሁን አላወለቀችም። እኔ ተመርቄያለሁ። በቀን ሦስት አራት ቦታ ለሥራ አፕላይ አደርጋለሁ፣ መልስ ሳይመጣ ሌላ እልካለሁ፤ እግሬ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ጠዋት ጠዋት የሃይጌትን ዳገት ሦስት ጊዜ ካልወጣሁ ቀኑ አይያዝልኝም። የምወጣው በአንተ ሳይክል ነው። ኮርቻውን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ ይቅር በለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

አንተ በየካቲት ስትሞት፣ ሆላንድ ያሉት ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ንጉሤ ልባቸውን ኦፕሬሽን ከሆኑ ገና አሥራ አንድ ቀናቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተሰብስበው መከሩ። "አሁን ብናረዳው ሁለት ሬሳ ነው የምናነሳው" ተባለ፤ እስኪያገግሙ ይቆይ ተባለ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝም በስልክ እያለቀሱ ተስማሙ። ወጋችን ነው፤ አንተም የአያቴን ሞት ከአክስቴ ዓመት ሙሉ ደብቀሃል።

የቀረው ግን የማንም ምክር አልነበረም፣ የራሴ ሥራ ነው። በቀብርህ ማግስት ስልክህ ላይ የጋሼ መልእክት ገባ። "አንተ ሹፌር ጠፋህሳ! ደረቴን የተቀደድኩት እኔ፣ የጠፋኸው አንተ!" ዝም ብል ይጠረጥራሉ ብዬ "ፈረቃ በዝቶብኝ ነው፣ እንኳን ተረፍክልኝ" ብዬ መለስኩ። አንዲት መልእክት ነበረች። በማግስቱ ሁለት ሆኑ። ሲደውሉ አላነሳም፤ "መሪ ላይ ነኝ" ብዬ እጽፋለሁ። አንተስ መቼ ታነሳ ነበር? ስድስት ወር ሙሉ አንተን ሆንኩ። እንደ አንተ አራት ነጥብ ሳላደርግ ጻፍኩ፣ እንደ አንተ "በል ቻው" ብዬ ጨረስኩ።

የማፍርበትንም ልንገርህ። ውጤቴ የመጣ ቀን፣ በአንተ ስም ለጋሼ "ልጄ ተመረቀች ኮራሁባት" ብዬ ጻፍኩላቸው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ስክሪኑ ላይ ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ቀን የጻፍኩት ለጋሼ ልብ አዝኜ አልነበረም።

ሰኔ ላይ ሐኪማቸው ቀስ እያሉ ሳይክል መንዳት እንደሚችሉ ነገራቸው። ሰዓት አልፈጀባቸውም፤ "ነሐሴ እንደ ወጋችን" ብለው ጻፉ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አንዳችሁ ለንደን፣ አንዳችሁ ሆላንድ ወጥታችሁ ቀራችሁ። ወረቀታችሁ ከተስተካከለ ወዲህ የምትገናኙት ዓመት በዓመት ነሐሴ ላይ፣ ያውም ኮርቻ ላይ ነበር። ሰው ሆላንድ ሄዶ ያን የመሰለ የሳይክል አስፋልት ይነዳል፤ እናንተ ግን ኮረኮንቹን መርጣችሁ በቬሉዌ ጫካና ሜዳ ሁለት ቀን ትጠፋላችሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ እኔንም አስከተላችሁኝ። "ኮረኮንች ላይ ፍሬን አትያዢ፣ ሳይክሉ መንገዱን ያውቃል" ትለኝ ነበር። እኔ ፍሬን እይዛለሁ፣ እወድቃለሁ፤ ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ። እነሱና እማዬ ዓርብ በአውሮፕላን ሄደው፣ ጋሼ ባሉበት ከተማ ካለ ዘመድ ቤት አድረው፣ ቅዳሜ ማልደው ሊያረዷቸው። እኔ የራሴን ሳይክል ይዤ በመርከብ ቀድሜ ሐሙስ እንድደርስ፣ ጋሼን እያጫወትኩ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት እንዳይወጡ እንዳደርግ ታዘዝኩ። "አባትሽስ?" ሲሉኝ "ፈቃድ ያገኘው ለቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ይደርሳል" እንድል። "አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ" አለችኝ እማዬ። እትዬ አልማዝ በበኩላቸው በየጎረቤቱ በር ወረቀት አስገብተው ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ጩኸት ብትሰሙ ለቅሶ ነውና ፖሊስ አትጥሩ የሚል።  ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን ሞት ባለሐዘኑ ብቻ አያውቅም ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ሄልሜታቸውን አጥልቀው ቁርስ ቀረቡ። "ሹፌሩ ነገ አይደል የሚደርሰው? ዛሬ መንገዱን እንፈትሽለት" አሉ። እትዬ አልማዝ ከጀርባቸው ሆነው በዓይናቸው "ተዪ" ይሉኛል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠን ከምንውል መንገዱ ይሻለኛል አልኩ። ጋሼ ከምላስ ሥር የሚነፉትን መድኃኒት የኋላ ኪሳቸው ከተቱ። እኔም ስልክህን ድምፁን ዘግቼ መሪው ላይ ባለችው ቦርሳ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። ማታ በአንተ ስም ለምልከው መልእክት ያስፈልገኛል ብዬ እኮ ነው!

ገና ከበሩ ስንወጣ አበባ የሚያጠጡት ሽማግሌ ጎረቤት ውኃውን ጥለው፣ ፊታቸውን አሳዝነው ወደ ጋሼ መምጣት ጀመሩ። "ጋሼ ቀደምኩዎት!" ብዬ እንደ እብድ ጮኼ ፔዳሉን ረገጥኩ። ጋሼ እሽቅድምድም መስሏቸው እየሳቁ ተከተሉኝ።

መንገዱን ታውቀዋለህ። ጥዱ አልቆ ያ ወይን ጠጅ አበባ የለበሰው ሜዳ ሲከፈት፣ ከጎማው ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠር በቀር የሚሰማ የለም። ሌላ ጊዜ ለዚያ ጸጥታ ብዬ ነው የምሄደው። ያን ቀን ግን ፈራሁት፤ የጋሼን እያንዳንዷን ትንፋሽ እቆጥርበት ነበር። እሳቸው ደግሞ መጠየቅ አይታክቱም። "ከስቷል ወይስ ያው ነው?" "ያው ነው ጋሼ።" "ሰውዬው ግን ተለውጧል። ድሮ እንዲህ አዛኝ አልነበረም። በየቀኑ መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ይለኛል። እርጅና ነው አይደል?" "ይሆናል" አልኩ፤ ዓይኔን ከጠጠሩ ላይ ሳላነሳ።

ከፍ ያለችው ቦታ ላይ፣ ከእንጨት አግዳሚው ጋ ስንደርስ ቆሙ። "ቆይ፣ እዚያ ለንደን ጫጫታ ውስጥ ለተቀመጠው ይህን ጸጥታ ላሰማው" ብለው ስልካቸውን አወጡ። ደውለው ወደ ሜዳው ዘረጉት።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልክህ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መፍቻው ብረት ላይ ድርርር፣ ድርርር ይላል። ነፋስ የለ፣ መኪና የለ፣ ወፍ እንኳ የለ። ማሳል፣ ማውራት፣ ሳይክሉን መጣል እችል ነበር። እኔ ግን ቆሜ የፍሬኑን እጀታ ጨምቄ ያዝኩ። ጋሼ ስልካቸውን ዘጉት፤ ቦርሳው ዝም አለ። እንደገና ደወሉ፤ ቦርሳው እንደገና ጮኸ። እኔን አላዩኝም፣ ቦርሳውን ነው የሚያዩት።

"ማሂ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ወንድሜ የት ነው?"

ውሸቱ ሞልቶኝ ነበር። ስልኩን ቀይሮ ነው፣ ረስቶት ነው፣ ለእኔ ሰጥቶኝ ነው። ሳላስበው "ሞቷል ጋሼ፣ በየካቲት" አልኳቸው። መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ሽማግሌ የለ፣ የሚደግፍ ክንድ የለ፣ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሜዳ መሃል ላይ።

አልጮኹም። አግዳሚውን ትተው ጠጠሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሮጬ መድኃኒቱን ከኪሳቸው ሳወጣ እጄን ገፉት። "ከየካቲት ወዲህ የሚጽፍልኝ ማነው?" "እኔ ነኝ።" "እርሜን ሳላወጣ ስድስት ወር አሳቅሽኝ" አሉ፣ "ወንድሜ አፈር ለብሶ እኔ ቀልድ እልክለታለሁ። ለማን ብለሽ ነው?" ለልብዎ ብዬ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነበር። "ለእኔም ብዬ ነው፤ ናፍቆኝ ነው" አልኳቸው።

ተነሡ፣ ሳይክላቸው ላይ ወጡ፣ ጥለውኝ ሄዱ። ቤቱ በስተግራ ነው፣ እሳቸው ወደ ቀኝ፣ ወደ ጫካው ታጠፉ። እኔም ከኋላ። ልቀርባቸው ፈራሁ፣ ልርቃቸውም ፈራሁ። ጀርባቸው ጎንበስ ባለ ቁጥር ፔዳሉን እረግጣለሁ። "እግዜር ሆይ ሁለት ሬሳ አታድርገው" እያልኩ ስነዳ አንድ መታጠፊያ ላይ ጠፉብኝ። ሳይክላቸውን መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት። እሳቸው ግንባራቸውን ጥድ ላይ ደግፈው ቆመዋል፣ መድኃኒቱ በእጃቸው ነው። እየነፉ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይነፋሉ። ፈርቼ ቆምኩ። ዞር ሳይሉ "ቅረቢ" አሉኝ፣ "ሰው ብቻውን አያለቅስም።"

አባዬ፣ እኔም እስከዚያ ቀን በወጉ አላለቀስኩልህም ነበር። አንተን ሆኜ እየጻፍኩ እንዴት ላልቅስልህ?

ሲበርድላቸው ፊታቸውን በጓንታቸው ጠረጉና "ነገ እነማን ናቸው የሚመጡት?" አሉ። ገብቷቸዋል። እማዬና አራት ሽማግሌዎች አልኳቸው። "እንግዲያው አልሰማሁም። ባሕር ተሻግረው መጥተው ሐዘናቸውን ከበር አልመልስም። አንቺም ምንም አላልሽም።" ምሽቱን እትዬ አልማዝ ያቀረቡትን ሾርባ ጠጥተው፣ ደክሞኛል ብለው በጊዜ ተኙ።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ጋሼ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። "ምነው በደህና? በዚህ ማለዳ?" አሉ። ትልቁ ሽማግሌ "ንጉሤ፣ እግዜር የሰጠውን ሲወስድ…" ብለው ሲጀምሩ አላስጨረሷቸውም። "ወንድሜን! ወንድሜን!" ያሉት ጩኸት የማስመሰል አልነበረም። እማዬ ላያቸው ላይ ወደቀች። ጎረቤቱ ሽማግሌ ከግቢያቸው የቆረጡትን አበባ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ይግቡ አይግቡ ግራ ገብቷቸው። ጋሼ ተነሥተው እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። ልባቸውም ቻለው፣ ተመስገን።

ስሸኝ ጋሼ ለብቻዬ ጠርተው "ተቀይሜሻለሁ" አሉኝ። "ይለቀኝ እንደሆነ አላውቅም። ግን ጻፊልኝ፤ በራስሽ ስም።" ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው። አንዴ "ደርሶኛል" ብለው መለሱ። እጠብቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሳይክልህን ሰርቪስ ላስደርግ ሰቨን ሲስተርስ መንገድ፣ ወደዚያ ወደ ደንበኛህ የሳይክል ጠጋኝ ወሰድኩት። አይቶ አወቀው። "ባለቤቱስ? ሥራ በዝቶበት ነው?" አለኝ። "አዎ" ማለት ከአፌ ደርሶ ነበር፤ ለምዶብኛል። ዋጥኩትና "አባቴ ሞቷል" አልኩት። እጁን ጠርጎ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ስለ አንተ አንድ ሰዓት አወራን፤ እኔ የማላውቀውን እሱ ነገረኝ፣ እሱ የማያውቀውን እኔ ነገርኩት።

ቃሌ ይህ ነው አባዬ። ማንም ስለ አንተ ሲጠይቀኝ አስቀድሜ መሞትህን እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ወንበር ከሳበልኝ እስኪሰለቸው ድረስ ስለ አንተ አወራለታለሁ።

ልጅህ ማህሌት