በሌለ ቀን ስለተፈረመው ጤንነቴ

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዮናስ
የ«ለምለም ጥላ» የፍራፍሬ ችግኝ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
መርሳ

ጉዳዩ፦ በጳጉሜን ያስፈረሙኝን የስምምነት ሰነድ ስለመቃወም

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እንደምን ከረሙ? ቤተሰብስ ደህና ነው? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርዎት ወገብዎ ዘንድሮስ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን እርስዎ በማህተም ስላረጋገጡልኝ፣ ከእንግዲህ አመመኝ ብል ከድርጅትዎ ማህተም ጋር መጣላት ይሆንብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ኢሕሳን ነኝ፤ የማንጎዋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጣቢያዎ ውስጥ የማንጎ ችግኝ ላይ የተመረጠ ቅርንጫፍ ስቀጥል ኖሬያለሁ። ዛሬም ከሲሪንቃ እስከ ሐራ በመኪና ባለፍኩ ቁጥር መንገድ ዳር ፍሬ የያዘ ማንጎ ሳይ፣ ይሄ የእጄ ሥራ ይሆን እያልኩ አንገቴን እስኪያመኝ እዞራለሁ። ባለፈው ሰኔ የውሃ ፓምፑ ቀበቶ ቀኝ እጄን ያዘው። መሸፈኛው ከወለቀ ሰንብቶ ነበር፤ መውለቁንም ሁለት ጊዜ ነግሬዎታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ «እሺ፣ ይታያል» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጣቶቼ አይታጠፉም። ወልድያ ያየኝ ሐኪም ደሴ ሄጄ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገልኝ እንዲሁ ደርቀው እንደሚቀሩ ነገረኝ። ኢንሹራንሱ ሕክምናውን እንዲሸፍን ደግሞ በሥራ ላይ መጎዳቴን የሚገልጽ አንድ ገጽ ከድርጅቱ አምጪ ተባልኩ።

ክቡርነትዎ አንድ ገጽ ብጠይቅዎት ሦስት ገጽ ሰጡኝ። ለቸርነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ሦስቱን ገጾች ደጋግሜ ካስነበብኩ በኋላ የሚከተሉት ጥቃቅን ነገሮች እንቅልፍ ስለነሱኝ፣ በትሕትና አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እርቁ። ያቺን አንድ ገጽ ፍለጋ ወረዳ ደጅ መመላለሴን ሲሰሙ፣ ሐጂ አብዱልሐሊምንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትለው፣ አንድ ሳጥን ለስላሳም አሸክመው ቤቴ ድረስ መጡ። እኔ ሞኟ፣ አቶ ዮናስ ስለ እጄ ሊጠይቁኝ መጡ ብዬ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ አላህ ያስማማችሁ፣ ቂሙን ከልባችሁ ያውጣው አሉ። እኛም አሚን አልን። እጄን ከፊቴ ላይ ሳላወርድ ወረቀቱ ጭኔ ላይ አረፈ። ተጣጥፎ የመፈረሚያው ቦታ ብቻ ነበር የሚታየው፤ የብዕሩም ክዳን ቀድሞ ተከፍቷል። የሽማግሌ ዱዓ ገና ከአየር ላይ ሳይወርድ «ቆዩ፣ ይነበብልኝ» የምትል ሴት ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ካለች ያሳዩኝ፤ እኔ ግን እሷ አይደለሁም። ለዱዓው ያልኩት አሚን ለሦስት ገጽ ወረቀትም እንደሚያገለግል ማን ነገረኝ?

በኋላ ሐጂን ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ እኔ የተቀያየመ ሰው ላስታርቅ ነው የመጣሁት፤ ወረቀቱን የእርቁ ማስታወሻ ነው አሉኝ፤ ወላሂ ውስጡን አላየሁትም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቴ ደጅ ላለማለፍ በታች በኩል ዞረው ነው መስጂድ የሚሄዱት። የሰባ ዓመት ሽማግሌ እኔን አፍረው መንገድ ሲቀይሩ ማየት ከእጄ ሕመም በላይ አንገብግቦኛል። ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምነግርዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ አክብሮትዎ። አሥራ አንድ ዓመት «አንቺ» ሲሉኝ ኖረው በዚያን ቀን በድንገት «እርስዎ» አሉኝ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። አሁንማ ከዚያ በኋላ ሰው ባከበረኝ ቁጥር ምን ሊያስፈርመኝ ነው እያልኩ እጁን እጁን ማየት ጀምሬያለሁ፤ ባለፈው ሳምንት የታክሲ ረዳቱ «እናቴ፣ ይግቡ» ቢለኝ ሳልገባ ቀረሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀኑ። የፈረምኩት ሰኞ፣ ጳጉሜን ሦስት ነው። ሰነዱ ግን ጳጉሜን 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ተፈረመ ይላል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ያለፈው ጳጉሜን አምስት ብላ ነው የወጣችው፤ ስድስተኛዋ በአራት ዓመት አንዴ ካልሆነ አትመጣም። እኛ ድሆቹ በማግስቱ አዲስ ዓመት ገባ ብለን ስንተኛ፣ ለእርስዎ ለብቻዎ አንድ ቀን ተጨምሮልዎት ኖሯል። በዚያ ቀን ጣቢያው ክፍት ነበር? ፓምፑስ መሸፈኛ ነበረው?

አራተኛ፣ ስለ ጠመንጃው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የተረከብኩትን አንድ ጠመንጃ ከአሥር ጥይት ጋር፣ አንድ ፊሽካና አንድ የዝናብ ካፖርት በሙሉ አስረክቤያለሁ» ብያለሁ። ልጄ ለይላ ስታነብልኝ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገ ደግሞ አንድ ጥይት ጎድሏል የሚል ቢመጣስ? በሕይወቴ የያዝኩት ስለት የችግኝ ቢላዬ ብቻ ነው። ነገሩ አላስቀምጥ ቢለኝ ወልድያ ወጥቼ የቀድሞ ዘበኛችንን ሸሻይን ፈለግሁት። መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ይጠግናል። ከማማው ላይ ወድቆ ጉልበቱ የተሰበረ ጊዜ እርሱንም በሽማግሌ እንዳስታረቁት ነገረኝና፣ ወረቀቱን ከላስቲክ ውስጥ አውጥቶ አነበበልኝ። ያ ረቢ! ከላይ እስከ ታች የእኔው ወረቀት ነው። ቀኑ ጳጉሜን 6 ቀን 2015፤ በዚያ ዓመት ስድስተኛዋ ቀን እውነትም ነበረች። ጠመንጃውም፣ ፊሽካውም፣ ካፖርቱም የእርሱ ናቸው። የእኔ ሲጻፍ ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይረዋል።

ይቅርታ፣ ብቻ አይደለም። በሸሻይ ወረቀት «ሁለቱም ጉልበቶቼ ሙሉ ጤነኛ ናቸው» ይላል፤ በእኔው «ሁለቱም እጆቼ ሙሉ ጤነኛ ናቸው»። ቀኑን ማስተካከል የረሳ፣ ጠመንጃውን መሰረዝ የረሳ ጸሐፊ፣ ጉልበቱን አውጥቶ እጄን መተካት ግን አልረሳም። የቱ አካሌ እንደተጎዳ ከድርጅትዎ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሦስቱን ገጾች ከነጠመንጃቸው እንዲሽሩልኝና ያቺን የጠየቅኋትን አንድ ገጽ እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ። ጣቶቼ ቀጠሮ አይጠብቁም። እስከዚያው እንዳይቸኩሉብኝ ብዬ ሰነዱ እንዲፈርስልኝ ለፍርድ ቤት አመልክቻለሁ። ሸሻይ እያነከሰ ሊመሰክር ይመጣል። ሐጂ አብዱልሐሊምም «ያላየሁትን ወረቀት አስመረቁኝ ብዬ በሰው ፊት እናገራለሁ» ብለዋል፤ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ በደጄ አለፉ።

በእርስዎ ማህተም ጤነኛ፣ በእርስዎ ሰነድ ትጥቅ ፈቺ፣ በእርስዎ አቆጣጠር በስድስተኛዋ ጳጉሜን የታረቀች፣ የዘወትር አክባሪዎ
ኢሕሳን
(እኔ እየተናገርኩ ልጄ ለይላ የጻፈችው)

ግልባጭ፦
ለሐጂ አብዱልሐሊም
ለሸሻይ፣ ከነጉልበቱ
ደጋፊ ሽማግሌ ይዞ ለሚመጣ አለቃ ምንጣፍ ላነጠፈ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ሰነዱን አደራዎን እንዳይጥሉብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት የፈረምኩበት የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ እርስዎ ዘንድ አለ፤ ከሰነዱ ፊርማ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ይዩት። አይመሳሰሉም። ብዕሩ ከቀኝ እጄ ሁለቴ ሲወድቅ አንስተው በግራዬ ያስያዙኝ እርስዎ ነበሩ። «ሁለቱም እጆቼ ሙሉ ጤነኛ ናቸው» ከሚለው መስመር ሥር ያለው በግራ እጅ የተጻፈ ስሜ ነው፤ ዳኛው መጀመሪያ እሱን እንዲያዩት እጠይቃለሁ።